የደጃፍ ወዳጅ፤ የውሻና የሰው ትስስር በአገራችን ታሪክ

የሰው ልጅ ካላመዳቸው እንስሳት ሁሉ ቀዳሚው ውሻ ነው። በሬ ለቀንበር፣ አህያ ለጭነት ከመዋላቸው ብዙ ሺህ ዓመታት አስቀድሞ ውሻ በአዳኙ ሰው እሳት ዙሪያ ቦታውን ይዞ ነበር። በጀርመን አገር በቦን ከተማ አጠገብ የተገኘውና ዕድሜው 14,000 ዓመት ገደማ የሚገመተው መቃብር አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴትና ውሻ በአንድነት ያረፉበት ነው። ይህን ያህል ጥንታዊ የሆነው ጓደኝነት በየአገሩ የተለያየ መልክ እየያዘ አደገ። በአንዱ አገር ውሻ ከምድጃው አጠገብ ተኛ፤ በሌላው የበግ መንጋ ጠባቂ ሆነ፤ በሌላው ደግሞ በደጃፍ ቆሞ ቀረ።

በአገራችን አብዝቶ የሚታየው ይህ የመጨረሻው ነው። ከዚህም የተነሣ «ሐበሻ ውሻ አይወድም» የሚለው ፍርድ ከውጭ አገር ሰዎችም ከራሳችንም አንደበት ሲሰነዘር ይሰማል። ለፍርዱ የሚቀርቡት ማስረጃዎች የታወቁ ናቸው። ውሻ ከቤት አይገባም፤ ስሙ ለስድብ ይውላል፤ በመንገድ ሲያልፍ ድንጋይ ይወረወርበታል። ማስረጃዎቹ ሐሰት አይደሉም። ነገር ግን ውሻው የት እንደሚያድር ይነግሩናል እንጂ ሌሊቱን ምን ሲሠራ እንደሚያድር አይጠይቁም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ ማንሣት ነው። በእኛ ኅብረተሰብ ዘንድ የውሻና የባለቤቱ ትስስር በጋራ የሌሊት ጥበቃ ላይ የተመሠረተ መሆኑን፣ ቋንቋችን ስለ ውሻ ጠባይ የተከማቸውን የሕዝብ እውቀት ጠብቆ ማቆየቱን፣ ትስስሩን አብዝቶ ያሻከረውም በሽታና ፍርሃት መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። ለመነሻ የሚሆነን ሩቅ ቦታ አይደለም፤ የአዲስ አበባ ምዕራባዊ በር የሆነው አስኮ ነው።

ሰፈሩና ሌሊቱ

አስኮ በኮልፌ ቀራንዮ በኩል፣ ከመዲናይቱ ወደ ቡራዩና ወደ አምቦ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ የተዘረጋ ሰፈር ነው። ቀን ቀን በጫማ ፋብሪካው፣ በገበያውና ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚጓዘው መንገደኛ ይታወቃል። ሲመሽ ግን ሌላ መልክ ይይዛል። በስተሰሜን ያለው የእንጦጦ ሰንሰለትና ደኑ የጅብ መኖሪያ ናቸው። ከተማና ገጠር፣ ደንና ግቢ የሚዋሰኑበት እንዲህ ያለ ሰፈር የውሻን ሥራ ለመረዳት የተመቸ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ጀምሮ ጅብ የሌሊት ነዋሪዋ ሆኖ ቆይቷል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ከተማይቱ የመጡ የውጭ አገር መንገደኞች በተዉልን ማስታወሻ ውስጥ ሁለት የሌሊት ድምፆች ተደጋግመው ይነሣሉ፤ የጅብና የውሻ። ሁለቱም ከሰው የተረፈውን ይለቅማሉ፤ ሁለቱም ከሰው ደጃፍ አይርቁም። ዳሩ ግን አንዱ ከአጥሩ ውጭ፣ ሌላው ከአጥሩ ውስጥ ቆመው የሚጠባበቁ ባላንጣዎች ናቸው። ጅብ ውሻን ይበላል፤ ውሻም ይህን ያውቃል። ስለዚህ በአጥር ሥር ሆኖ ሲጮህ የባለቤቱን አህያና በግ ብቻ ሳይሆን የራሱንም ነፍስ ይጠብቃል ማለት ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት እንዳሳየው በዐቢይ ጾም ወራት የሥጋ ትራፊ ከየሰፈሩ ስለሚጠፋ ጅቦች ወደ አህያ አደን ያዘነብላሉ። እንግዲህ የሰው ጾም የጅብን ማዕድ፣ የጅብ ማዕድም የውሻን የጥበቃ ሸክም ይለውጣል።

የዳር ሰፈር ነዋሪ ይህን ጥበቃ በጆሮው ይከታተላል። በመጀመሪያ ከዳር ያለ አንድ ውሻ ይጮኻል። ቀጥሎ ጎረቤቱ ይቀበለዋል፤ ድምፁም ከግቢ ወደ ግቢ እየተላለፈ ወደ መሐል ሰፈር ይደርሳል። ቤት ውስጥ የተኛ ሰው ዐይኑን ሳይገልጥ ጩኸቱን ይለያል። አጭርና የተቆራረጠ ከሆነ መንገደኛ አልፏል፤ ከማጉረምረም ጋር የተቀላቀለና ወደ ኋላ የሚያፈገፍግ ከሆነ ጅብ ቀርቧል፤ ጩኸቱ በድንገት ተቋርጦ በእንፍንፍታ ከተተካ ደግሞ የመጣው የቤት ሰው ነው። ይህ በትምህርት ቤት ያልተሰጠ፣ ነገር ግን በየሌሊቱ የሚፈተን እውቀት ነው። የውሻን ድምፅ የሚያዳምጥ ሰው ውሻን የማያውቅ ሰው ሊባል አይችልም።

የቋንቋው ምስክርነት

ይህ እውቀት በአማርኛ ውስጥ በሁለት መንገድ ተቀምጧል። አንደኛው ምሳሌያዊ አነጋገር ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። ዛሬ አባባሉ ለጥቅም የሚሟገትን ሰው ለመንቀፍ ይጠቀሳል። የቃሉ መሠረት ግን ውል ነው፤ ያበላ ይጠበቃል፣ የበላ ይጠብቃል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ዘግይቶ የሚደርስን ሰው ሲተች፣ ከውሻ የሚጠበቀው ጅብ ሳይደርስ መጮኽ መሆኑን ይናገራል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ሲባልም አጥርን የሚጠብቀው ራሱ አጥሩን ከቀደደ የሚመጣውን አደጋ ያስጠነቅቃል። «ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» የሚለው ደግሞ የሥራ ክፍፍልን ያመለክታል። እርሻ የበሬ ነው፤ የውሻ ስፍራ ደጃፉ ነው። አራቱም አባባሎች ስለ ሰው ይናገሩ እንጂ ምስላቸውን ያገኙት ከውሻ የሥራ ድርሻ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ግሥ ነው። አማርኛ የውሻን ጠባይ ለመግለጽ ያሉት ግሦች ብዛትና ትክክለኛነት ልብ ሊባል ይገባል። ውሻ ይጮኻል፣ ያጉረመርማል፣ ያላዝናል፣ ያነፈንፋል፤ ጆሮውን ይቀስራል፣ ጭራውን ይቆላል፣ ይቅለሰለሳል። እያንዳንዱ ግሥ የተለየ የስሜት ሁኔታን ይሰይማል። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1872 ስለ ሰውና ስለ እንስሳት የስሜት አገላለጽ ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ውሾችን በሥዕል አነጻጽሮ ነበር። አንዱ ለጠብ የተዘጋጀ ነው፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጆሮው ወደ ፊት ይቀናል፣ ጭራው ይቆማል፣ ጸጉሩ ይነሣል። ሌላው ባለቤቱን የሚቀበል ነው፤ ገላው ዝቅ ይላል፣ ይጣመማል፣ ጆሮው ወደ ኋላ ይተኛል። ዳርዊን ከዚህ ተነሥቶ ተቃራኒ ስሜቶች በተቃራኒ የአካል አኳኋን እንደሚገለጹ አስረዳ። የአማርኛ ተናጋሪ ይህንኑ ልዩነት በሁለት ቃላት ይዞታል። መቀሰር ቀጥ አድርጎ ማቆም ነው፤ መቅለስለስ ደግሞ ከመቀለስ፣ ማለትም ከማጉበጥ፣ ጋር በድምፅም በሐሳብም ይቀራረባል። ቃላቱን የፈጠረው ሕዝብ ሁለቱን ውሾች በደጃፉ ቆመው አስተውሏቸዋል።

እነዚህ ግሦች ወደ ሰው ሲተላለፉ አብዛኞቹ የነቀፌታ ትርጉም ያዙ። አጎብዳጅ ጭራውን ይቆላል፤ የሰው ነገር የሚከታተል አነፍናፊ ይባላል። ይህ ሽግግር ግን ፍትሐዊ አይደለም። ውሻ ጭራውን ሲቆላ ስሜቱን ይገልጣል፤ አጎብዳጁ ስሜቱን ይሸሽጋል። የኪነ ጥበብ ሰዎቻችን ቃሉን ሲጠቀሙ ይህን ልዩነት ቢያስተውሉ መልካም ነው።

ከጥንት ጀምሮ በደጃፍ

የውሻ ስፍራ ደጃፍ እንዲሆን የወሰነው የሌሊቱ አስገዳጅነት ብቻ አልነበረም፤ ልማድና እምነትም አግዘውታል። ከዚያ በፊት ግን የአፍሪካ ቀንድ ውሾች በሌላ ነገር ይታወቁ እንደነበር ማስታወስ ይገባል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው ምዕተ ዓመት የግብፅ ንግሥት ሃትሸፕሱት ወደ ፑንት ምድር የላከቻቸው መርከቦች ከዕጣን፣ ከዝሆን ጥርስና ከወርቅ ጋር ውሾችን ጭነው መመለሳቸው በዴር ኤል ባሕሪ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። ብዙ ሊቃውንት ፑንትን በቀይ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻና በአፍሪካ ቀንድ አካባቢ ያኖሯታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ግሪካዊ ጸሐፊ አጋታርኪደስም ከግብፅ በስተደቡብ ስላሉ፣ ታላላቅ ውሾችን ለአደን ስለሚያረቡና የውሻ ወተት ይጠጣሉ ስለተባሉ ሕዝቦች ጽፏል። ወተቱ ተረት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የዚህ አካባቢ ሰው በጥንቱ ዓለም ዘንድ ከአዳኝ ውሻው ጋር ይታወስ እንደነበር ጽሑፉ ያመለክታል።

በሃይማኖት መጻሕፍት ውስጥ የውሻ ነገር ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል ርኩስ ተብሎ ከተቀደሰ ስፍራ ይከለከላል፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ይባረራል፤ በሙስሊሙም ዘንድ ለሃጩ የነካው ዕቃ ሊነጻ ይገባዋል። በሌላ በኩል በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ በሚገኘው በመጽሐፈ ጦቢት፣ ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር ወደ ሩቅ አገር ሲጓዝ ውሻው ይከተላቸዋል፤ ሲመለሱም አብሯቸው ይመለሳል። በቁርዓንም በዋሻ ውስጥ ተኝተው ብዙ ዘመን ስለቆዩት ወጣቶች በሚተርከው ምዕራፍ፣ ውሻቸው በዋሻው ደጃፍ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ አብሯቸው ይቆያል። በአንዱ ትረካ ውሻው የመንገድ ጓደኛ ነው፤ በሌላው የደጃፍ ዘብ ነው። በሁለቱም ውስጥ የሚወደሰው ነገር አብሮ መቆየቱ ነው። ስለሆነም በደጃፍ መቅረት በራሱ የመጠላት ምልክት ሆኖ ሊቆጠር አይገባም።

ልክፍትና ፍርሃት

ታዲያ ድንጋዩ ከየት መጣ? መልሱ በአብዛኛው ከአንድ በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ፣ በ1903 ደግሞ በአዲስ አበባ ብርቱ ወረርሽኝ መከሰቱ ተመዝግቧል። የበሽታው አስፈሪነት ከሌሎች የተለየ ነው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ የሚያመጣውም ትናንት ጭራውን ሲቆላ የነበረው የገዛ ቤት ውሻ ሊሆን ይችላል። «ለከፈ» የሚለው ግሥና «ልክፍት» የሚለው ስም ከዚህ ፍርሃት ጋር ተቆራኝተው ዛሬም በቋንቋችን ውስጥ ይኖራሉ።

ከአስኮ ወደ መሐል ከተማ ስንጓዝ በጉለሌ በኩል «ፓስተር» የሚባል ሰፈር እናገኛለን። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ መግቢያ ላይ ከተቋቋመው የኢትዮጵያ ፓስተር ተቋም ነው። የተቋሙ ሥራ ወራሽ የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ በተነከሰ ልጅ ላይ ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው እ.ኤ.አ. በ1885 ነበር። የእርሱ ስም የአዲስ አበባ ሰፈር ስም ሆኖ መቅረቱ በሽታው በከተማይቱ ሕይወት ውስጥ የነበረውን ስፍራ ያሳያል። በአገራችን ከበግ አንጎል ይዘጋጅ የነበረው ክትባት በተከታታይ ቀናት ሆድ ላይ ይወጋ ስለነበር፣ «የውሻ መርፌ» በብዙ ሰው ትዝታ ውስጥ ከንክሻው ያላነሰ ሥቃይ ሆኖ ቀርቷል።

ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር መኮንን ፈቃዱ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ረገድ ታላቅ ስፍራ አለው። ከኢትዮጵያ በተገኘ የቫይረስ ዝርያ የተያዙ ውሾች የሕመም ምልክት ከማሳየታቸው እስከ 13 ቀን አስቀድሞ ቫይረሱን በለሃጫቸው ሊያስወጡ እንደሚችሉ ጥናቱ አሳየ። ይህ ማለት በዐይን ጤነኛ የሚመስል ውሻ ንክሻም ሊናቅ አይገባም ማለት ነው። የጠባይ ለውጥ ግን ዋና ማስጠንቀቂያ ሆኖ ይኖራል። ተጫዋቹ ውሻ ወደ ጥግ ይሸሻል፤ ዝምተኛው ይቁነጠነጣል፤ ድምፁ ይሻክራል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ መንጋጋው ይላላል፤ ያለ ምክንያት እንጨትም ድንጋይም ይነክሳል። የውሻውን የዘወትር ጠባይ የሚያውቅ ባለቤት ለውጡን ቀድሞ ያያል፤ የማያውቀው ግን የሚያየው ሲነከስ ነው።

ለፍርሃቱ የተሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ዱላና መርዝ ሆነ። ባለቤት የሌላቸው ውሾች በተለያዩ ዘመናት በመርዝ እንዲጠፉ ተደርጓል። ይሁንና መግደል ብቻውን በሽታውን እንደማያቆም የዓለም ተሞክሮ አረጋግጧል። የጠፉትን ውሾች ስፍራ ያልተከተቡ ቡችሎች ይይዙታልና። ከውሾች መካከል 70 ከመቶው ሲከተቡ ግን የበሽታው ሰንሰለት ይቆረጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ግምት በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን እንደሚገድል ያመለክታል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የአፍሪካና የእስያ ልጆች ናቸው። በባሌ ተራሮች የሚኖረውና በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮም ከቤት ውሾች በተላለፈ በሽታ በ1990ዎቹ መግቢያና በ2003 (እ.ኤ.አ.) ብርቱ ጉዳት ደርሶበታል።

ቤተ መንግሥት የገባው ውሻ

አብዛኛው ውሻ በደጃፍ ቢቀርም አንዱ ከእልፍኝ ገብቶ ስሙን አስጠርቷል። የንጉሠ ነገሥቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ ሉሉ፣ ከቺዋዋ ዝርያ የተገኘ፣ በብዙ ፎቶግራፎች ላይ ከንጉሡ እግር ሥር ይታያል። ፖላንዳዊው ጸሐፊ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ሉሉ በመኳንንቱ ጫማ ላይ ሲሸና የሚጠርግ አገልጋይ እንደነበረ ጽፏል። የኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪው ሃሮልድ ማርከስ ትረካውን ከእውነት የራቀ ብለው ተቃውመውታል። ሐሰትም ይሁን እውነት፣ ወሬው ዓለምን የዞረው ምስሉ ኃይለኛ ስለነበረ ነው። ሕዝብ ከደጅ ሲጠና ውሻ እልፍኝ ገባ የሚል ምስል ነውና።

ይኸው ምስል በታሪካችን ታላቅ ሌሊት ላይ ተመልሶ መጣ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ ያዘጋጀው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ፊልሙ ከቤተ መንግሥት ግብዣዎችና ንጉሡ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ ከሚያሳዩ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ ነበር። የረሃብተኛው ልጅ ዐይንና የውሻው ጉርሻ ጎን ለጎን ቆሙ። በዚያ ምሽት የተከሰሰው ሥርዓቱ ነበር፤ ውሻው ምስክር ሆኖ ቀረበ። ነገር ግን ከብዙ ተመልካች ልብ ውስጥ የቀረው «ውሻን መውደድ የጠገበ ሰው ነገር ነው» የሚል ስሜት ሆነ። እውነቱ ሌላ ነው። በዚያው ሌሊት በአስኮና በመሰል የዳር ሰፈሮች የድሃውን አህያ ከጅብ ሲጠብቅ ያደረው ያው ውሻ ነበር።

ጠባዩን ማወቅ

የዘመኑ ሳይንስ ሕዝቡ በደጃፍ የተማረውን አጠናክሮታል፤ ጥቂት ስሕተቶችንም አርሟል። ስኮትና ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ ቡችላ ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ ያለው ጊዜ ወሳኝ መሆኑን አሳዩ። በዚህ ጊዜ የሰው እጅ ያልነካው ቡችላ ዕድሜውን ሙሉ ሰውን ይፈራል፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ይነክሳል። «ኃይለኛ እንዲሆን» ተብሎ ከሕፃንነቱ በሰንሰለት ታስሮ የሚያድግ ውሻ የሚያተርፈው ፍርሃትን ነው። እንግዳን ከቤተኛ፣ ልጅን ከሌባ መለየት አይችልም። ጥሩ ዘብ የሚሆነው ሰውን ማወቅ የተማረው ነው።

ሩሲያዊው ሊቅ ድሚትሪ ቤልያዬቭ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በኖቮሲቢርስክ ሰውን የማይሸሹ ቀበሮዎችን ብቻ እየመረጠ በማራባት፣ ጥቂት ትውልዶች እንዳለፉ ጭራቸውን የሚቆሉና የሰውን እጅ የሚልሱ ቀበሮዎችን አገኘ። የሃንጋሪ ተመራማሪዎች በ1998 ባወጡት ጥናት ውሻ ከባለቤቱ ጋር ያለው ቁርኝት ሕፃን ከእናቱ ጋር ካለው ጋር እንደሚመሳሰል አሳዩ። የጃፓን ተመራማሪዎችም በ2015 ባለቤትና ውሻ ዐይን ለዐይን ሲተያዩ እናትን ከልጅዋ ጋር የሚያስተሳስረው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን በሁለቱም ገላ ውስጥ እንደሚጨምር ዘገቡ። እንግዲህ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ውል ከጉርሻ በላይ የሆነ ነገር እንዳለበት ታወቀ። ውሻ የሚጮኸው ለበላበት ብቻ አይደለም፤ ለለመደው ሰውም ነው። ሌሊት ብቻውን ሲያላዝን ብዙዎች እንደ ሞት ምልኪ ይቆጥሩታል። ማላዘን ግን ውሻ ከርቀት ወገኑን የሚጣራበት፣ ብቸኝነቱንም የሚገልጥበት ድምፅ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ውሻን እልፍኝ ማስገባት የፍቅር መለኪያ አይደለም፤ የደጃፉን ውል ማክበር ግን ግዴታ ነው። ዘብ የሆነ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ከዝናብ ይጠለላል፣ ይከተባል። መምህራን ለተማሪዎቻቸው የሚያጉረመርምን ውሻ እንዳይጠጉ፣ ከሚበላ ውሻ እጃቸውን እንዲሰበስቡ፣ ውሻ ሲመጣባቸው ከመሮጥ ይልቅ ጸጥ ብለው እንዲቆሙ፣ ቢነከሱም ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሮጡ ቢያስተምሩ የብዙ ልጆች ሕይወት ይተርፋል። የቀበሌ ኃላፊዎች ከመርዝ ይልቅ ለክትባት ዘመቻ ሕዝቡን ቢያነሣሡ ድካማቸው ፍሬ ይሰጣል። ደራሲውና ሠዓሊውም ውሻን ለስድብ ብቻ ከሚጠሩት ይልቅ በደጃፉ ላይ ቢያዩት፣ ያልተነካ የሕዝብ ታሪክ ያገኛሉ። ዛሬ ሌሊትም በአስኮ ዳር ካሉት ግቢዎች አንዱ ውሻ ቀድሞ ይጮኻል፤ ጎረቤቱም ይቀበለዋል።